«የዶሮ ክንፍ ይበቃል» ስለተባለው

ሬዚደንቱ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ «ሐኪም እጁን ለማለማመድ አይጥ መግደሉ ጭካኔ ነው፤ የዶሮ ክንፍ ይበቃል» ተብሎ ተጻፈ። ላይኩ ጎረፈ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የአንጎል ቀዶ ሕክምና እየተማርኩ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የምትሆን ደም ሥር፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር፣ ማይክሮስኮፕ ውስጥ እያየሁ መስፋት አለብኝ። መርፌዬ የኋላውን ግድግዳ አብሮ ከያዘ ደም ሥሩ ተዘጋ ማለት ነው። ይህን ስህተት የት ሄጄ ልሳሳተው?

የእንስሳት ሐኪሟ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ይበቃል እላለሁ። የክንፏም ደም ሥር አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሱፐርማርኬት ይሸጣል። ሰፍተህ ስትጨርስ ቀለም ያለው ውኃ ልቀቅበት። ካፈሰሰ ታየዋለህ፣ ፈትተህ እንደገና ትሰፋለህ። ለዚህ ነፍስ ያላት ለምን ትሙት?

ሬዚደንቱ፦ «ይበቃል» ነው ያናደደኝ። ውጭ አገር ለኮርስ ሄጄ የአይጥ የታፋ ደም ሥር ሰፍቻለሁ። መቆንጠጫውን ስለቅ ደሙ አለፈ፤ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ስፌቱ ላይ ነጭ ነገር ይጠራቀም ጀመር። ደሙ እየረጋ ነበር። ከዚያ ተዘጋ። ቀለም ያለው ውኃ አይረጋም እኮ! የሞተ ደም ሥር ሲነኩትም አይኮማተርም።

ዙሪክ ነዋሪ፦ እዚህ የሠሩት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር ያሳርጊልም መንገዳቸው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ፣ ቨርሞንት፣ ዶክተር ዶናጊ ላብራቶሪ ገብተው ውሾች ላይ ተለማመዱ። ተመልሰው ኦክቶበር 30 ቀን 1967 የራስ ቆዳን ደም ሥር ከአንጎል ደም ሥር ጋር በሰው ላይ ገጠሙ። የዛሬው የአንጎል ማይክሮስኮፕ ቀዶ ሕክምና አብዛኛው ከዚያ ነው የመጣው።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ያኔ ሌላ ምን ነበራቸው? የ60 ዓመት ታሪክ ለዛሬ ፈቃድ አይሆንም። እንግሊዝ እኮ እ.ኤ.አ. በ1876 ሕጓ፣ እጅ ለማለማመድ ብሎ ሕያው እንስሳ መቅደድን ከልክላለች። ከ100 ዓመት በላይ ቀዶ ሐኪሞቿ ያለዚያ ተማሩ።

ሬዚደንቱ፦ 1986ን ለምን ዘለልሽው? ያን ዓመት ሕጉ ሲቀየር ለማይክሮስኮፕ ቀዶ ሕክምና ልምምድ በር ተከፈተ። ለምን ይመስልሻል?

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ተከፈተ እንጂ አልተበረገደም። አይጥና የአይጥ ዘመዶች ብቻ። በማደንዘዣ ተኝታ፣ ሳትነቃ እንድትሞት። አንተ ግን በሩን በርግደህ ነው የምታወራው።

ሬዚደንቱ፦ የት ላይ በረገድኩ? ጥቀሺልኝ።

አዋላጇ፦ ልጆች፣ እንግዴ ልጅስ? ደም ሥሩ ከትልቅ እስከ ቀጭን ነው። ታጥቦ፣ ፈሳሽ ተለቆበት ያበጠ ደም ሥር መጠገን ጭምር ይለማመዱበታል። በየቀኑ የሚጣል ነገር ነው።

የጎጃሙ ልጅ፦ ይጣላል ያለው ማነው? እንግዴ ልጅ ይቀበራል። እናቴ የሰባታችንንም እጓሮ ቀብራዋለች።

አዋላጇ፦ እናትየዋ ተጠይቃ ስትፈቅድ ነው ያልኩት።

የጎጃሙ ልጅ፦ አላልሽም፤ ከላይ አንብቢው። ደግሞስ ምጥ ላይ ያለች ሴት የምን ፈቃድ ትሰጣለች?

አዋላጇ፦ በክትትሏ ጊዜ ትጠየቃለች። ስንት እናት አዋልጃለሁ፤ ሰው ይድንበታል ሲባሉ እሺ የሚሉ ብዙ ናቸው።

እህት፦ እኔ ልናገር። ወንድሜ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ነበር። ሆስፒታሉን አልጠራም። መቀሱን ማን እንደያዘ፣ ለእሱ ስንተኛ ቀዶው እንደሆነ የነገረን የለም። ቀኝ እጁ ዛሬም ኩባያ አያነሳም። ከሐኪሙ እጅ ይሁን ከበሽታው አላውቅም። ግን ያ እጅ ሺህ አይጥ ላይ ተለማምዶ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ይቅር በይኝ፣ የእንስሳት ሐኪሟ።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ይቅርታ አያስፈልግም። እኔ ግን የተኛችውን አይጥ ልቧ ሲመታ በጣቴ ይዤ አውቃለሁ። ሺህ ስትዪ እያንዳንዷ ትታየኛለች።

ዙሪክ ነዋሪ፦ አዲስ አበባ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ማስተማር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ትናንት ማለት ነው። ማይክሮስኮፕም ክሩም ውድ ነው። መጀመሪያ ክንፉንስ በደንብ የሚሰፋበት ክፍል አለው ወይ ልጁ?

ሬዚደንቱ፦ ክንፍ በስልኬ ካሜራ እያጎላሁ ቤቴ እሰፋለሁ። ሚስቴ ወጥ ልትሠራበት ትጠብቀኛለች። ክንፍ ጠላሁ አላልኩም። ክንፍ ይቀድማል፣ ስፌቱ ማፍሰስ ሲያቆም ጥቂት አይጥ ይከተላል።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ «ጥቂት» ስንት ነው? ቁጥር ጻፍ።

ሬዚደንቱ፦ እጄ እስኪለምድ።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ይኸው፣ በረገድከው! «እስኪለምድ» ቁጥር አይደለም።

ሬዚደንቱ፦ «ይበቃል»ስ ቁጥር ነው?