ጠፍጣፋ ሰፈር ላይ ቦይና ዛፍ አብረው ይሄዳሉ? (ባሕር ዳር)

ጠያቂ፦ የሰፈር ኮሚቴ
ሰላም ለሁላችሁ። ከጣና ብዙም የማይርቅ የውስጥ መንገድ ነው፤ 160 ሜትር ርዝመት፣ 8 ሜትር ስፋት፣ ኮብልስቶን። በአንድ ጎኑ ክፍት ቦይ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ሞልቶ ግቢ ይገባል፤ በበጋ ደግሞ ጥላ የለም፣ ድንጋዩ ያቃጥላል። ነዋሪው ለማዋጣት ተስማምቷል። ቦዩ ይስፋ የሚል አለ፣ ዛፍ ይተከል የሚል አለ፣ ዛፉ ቦዩን ያፈርሰዋል ብሎ የሚሰጋም አለ። ከምን እንጀምር?

ልከኛ
ከማስፋታችሁ በፊት ተዳፋቱን ለኩ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ቦይ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ስለጠበበ ሳይሆን ውሃው መውረጃ ስለሚያጣ ነው። ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት፣ ውስጡ የሚታይ 20 ሜትር ነጭ ጎማ ይበቃችኋል። ውሃ ሙሉበትና አረፋው ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ውስጡ የቀረ አረፋ ልኩን ያሳስታል። ከዚያ በየ10 ሜትሩ ከውሃው ልክ እስከ ቦዩ ወለል ያለውን መዝግቡ። ደለሉን ጠርጋችሁ ነው፤ ደለል ላይ የተለካ ልክ ዋጋ የለውም።

የምትፈልጉት በ100 ሜትር 50 ሴ.ሜ መውረድ ነው፤ ለእናንተ 80 ሴ.ሜ። ካልተገኘ በ100 ሜትር 30 ይሁን። ከዚያ ካነሰ ደለል ይተኛል፤ ማስፋት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ትንሽ ውሃ ሰፊ ወለል ላይ ስስ ሆኖ ስለሚሄድ ደለሉን ለመግፋት አቅም ያጣል። መለካቱን ከመጨረሻው ጀምሩ። ቦያችሁ የሚገባበት የዋናው ቱቦ አፍ ከቦያችሁ ወለል ከፍ ብሎ ከተገኘ ሌላው ሥራ ሁሉ ድካም ነው፤ መጀመሪያ እሱን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። ከቱቦው በፊት 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ ወለሉ ከቱቦው አፍ 50 ሴ.ሜ ዝቅ ያለ የደለል ጉድጓድ ሥሩ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ይጠረግ፣ ክረምቱ አጋማሽ ላይ ይደገም።

የዋንዛ ጥላ
ዛፉ ከቦዩ ተቃራኒ ጎን ከተተከለ ስጋቱ በአብዛኛው ይወገዳል። ያ ጎን ምዕራብ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ የከሰዓቱን ፀሐይ ይከላከላል። ዋንዛ ወይም ግራቪሊያ ይሁን። ዋርካና ሾላ ሥራቸው ግንብ ይሰነጥቃል፤ ባሕር ዛፍ አይታሰብ። ባሕር ዳር በዘንባባዋ ብትታወቅም ዘንባባ ለመንደር መንገድ የሚሰጠው ጥላ ትንሽ ነው። የመብራት መስመር ባለበት ዋንዛ አትትከሉ፤ በየጊዜው አናቱ ይቆረጣል። እዚያ ዘይቱን ይሻላል።

በየ8 ሜትሩ ከሆነ 20 ችግኝ ግድም ነው፤ የግቢ በር ፊት ዝለሉ። ኮብሉን 1 ሜትር በ1 ሜትር አንሡና ዙሪያውን በጠርዝ ድንጋይ በሲሚንቶ እሰሩት። ይህ ከተዘለለ ድንጋዩ አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዱ ይንሸራተትና በአንድ ክረምት መንገዱ ይፈታል። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሴ.ሜ ይሁን፤ የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጡና ከበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት። ያልበሰለ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ሐምሌ መጀመሪያ ትከሉ። ችግኝ የሚሞተው ግን በበጋ ነው፤ ከኅዳር እስከ ግንቦት በሳምንት ሁለቴ 20 ሊትር፣ ለሁለት ዓመት። የእያንዳንዱ ዛፍ ኃላፊ ፊት ለፊቱ ያለው ቤት ይሁን። ለፍየል 1.5 ሜትር የቀርከሃ አጥር።

ጣና ዳር
ስለ ጣሪያ ማንም አላነሣም። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል መንገዳችሁ 38 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይሰጣል። 100 ካሬ ቆርቆሮ ያላቸው 20 ቤቶች ግን 60 ይሰጣሉ። ስለዚህ የአሸንዳውን ውሃ ቀጥታ ቦይ ውስጥ አትልቀቁት። መጀመሪያ ሮቶ፣ ትርፉ ወደ ጓሮ አትክልት።

ማስመጫ ጉድጓድ (ውሃውን መሬት ውስጥ የሚያሰርግ) ከማስቆፈር በፊት ነሐሴ ላይ 1 ሜትር ቆፍራችሁ እዩ። ውሃ ከታች ከመጣ ተዉት፤ ሐይቁ አጠገብ በክረምት የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው።

የሰፈር ኮሚቴ
በጣም እናመሰግናለን። ሦስት ቤቶች የመታጠቢያ ውሃ ወደ ቦዩ ይለቃሉ። እሱስ?

ጣና ዳር
መጀመሪያ እሱ ይዘጋ። በበጋ ቦዩ ውስጥ ቆሞ ትንኝ የሚያፈላው እሱ ነው፤ በክረምት ደግሞ ሳሙናና ቆሻሻው ሐይቅ ገብቶ እምቦጩን ይመግባል። ቦዩን በክዳን ሸፍናችሁ ልትገላገሉት እንዳታስቡ፤ የሚሸፈን ከሆነም በየ5 ሜትሩ አንድ ክዳን ሁለት ሰው የሚያነሣው፣ እጀታ ያለው ይሁን። በሲሚንቶ የተለጠፈ ክዳን የሚከፈተው ተሰብሮ ነው።