አራስ ነኝ፣ ዋርፋሪን እየወሰድኩ ማጥባት እችላለሁ?

አራሷ፦
ሰላም እናቶች። በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት፣ የልጄ ክርስትና እንኳን ገና አልደረሰም። ግራ ባቴ ከቀኙ ይልቅ አብጦ አልረግጥ ሲለኝ ሄድኩ፤ በአልትራሳውንድ ታይቶ ደም ረግቷል ተባልኩ። ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌና ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ እንክብል ጀምሬያለሁ። አማቴ ደግሞ "መድኃኒቱ በጡትሽ ወደ ልጁ ያልፋል፣ የቆርቆሮ ወተት ስጪው፣ አንቺም ከአልጋ እንዳትወርጂ" ብለው ይዘውኛል። የምታውቁ ንገሩኝ እስቲ።

የመንታ እናት፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። አጥቢ! እኔም ዋርፋሪን እየዋጥኩ ነው ያጠባሁት። አሰልቺው ምርመራው ነው፤ አይ ኤን አር የሚሉት የደምሽን መቅጠን የሚያሳየው ቁጥር ከ2 እስከ 3 መሃል እስኪረጋጋ መመላለስ አለ፣ እስከዚያ መርፌውን በራስሽ እንዳታቆሚ። ጎመን ክልክል ነው ቢሉሽ አትስሚ፣ አንድ ሳምንት ጠግቦ በልቶ በሚቀጥለው ጭራሽ መተው ነው ቁጥሩን የሚያዘበራርቀው።

ፋርማሲ የምሠራ፦
ልክ ነች። ዋርፋሪንም፣ በመርፌ የሚሰጡት ሄፓሪንም፣ ኢኖክሳፓሪንም እያጠቡ ይወሰዳሉ። ሪቫሮክሳባን የሚባለው ሌላው የደም ማቅጠኛ እንክብል ግን ለምታጠባ አይመከርም፣ ስለዚህ አንዱ "የኔ ምርመራም አይፈልግም" ብሎ ቢያቀብልሽ እንዳትነኪው። ለቁስሉ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ታዞልሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ፣ ከዋርፋሪን ጋር ሲሆኑ ያደማሉ። አብሽ የምታዘወትሪ ከሆነም ተናገሪ። ደግሞ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ለአንቺ አይሆንም፤ ሉፕ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረውን ጠይቂ፣ ምክንያቱም ዋርፋሪን ላይ እያሉ ማርገዝ ለፅንሱ አደገኛ ነው።

አዋላጅ ነርስ፦
ስለ መተኛቱ ማንም አልመለሰላትም እኮ። አራስ ደሟ ቶሎ ይረጋል፣ አደጋው በተለይ ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ይበረታል፣ ኦፕራሲዮንና አልጋ ላይ መዋል ሲጨመሩበት ይብሳል። "እማማ፣ ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ ብሎኛል" በያቸው። ገንፎውን ይሥሩልሽ፣ በእሱ ጸብ የለም። ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ በይ፣ ውሃ ጠጪ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ደም ካስሳለሽ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ የረጋው ደም ሳንባ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሞዴስ በሰዓት ውስጥ የሚሞላ ደም ከፈሰሰሽም እንደዚያው።

አራሷ፦
ተባረኩ፣ ለአማቴም አነበብኩላቸው። መድኃኒቱ ግን እስከ መቼ ነው?

የመንታ እናት፦
ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 3 ወር ነው፣ ቁርጡን ሐኪምሽ ይነግርሻል። እብጠቱ ጎደለ ብለሽ ግን እንዳትተዪው።