እጅ ማስለቀቅ ትግል በሠለጠነ ሰው ላይ ይሠራል ወይ?

ጠያቂ፦ ባህላዊ ማርሻል አርት ስንማር ገና ከመጀመሪያው “እጅህን ሲይዙህ እንዲህ ታስለቅቃለህ” እንባላለን። አንጓም ይያዝ ኮሌታ፣ ለሁሉም መልስ አለው። ግን የያዘኝ ሰው ጁዶ ወይም የብራዚል ጁጂትሱ የሠለጠነ ቢሆንስ? የምር ይሠራል?

የጁጂትሱ ተማሪ፦ አይሠራም። ይህ ክርክር እኮ በ1993 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ዩኤፍሲ፣ ማለትም የተለያየ ስፖርት የተማሩ ተፋላሚዎች የተገጣጠሙበት ውድድር ላይ አልቋል። የእኛው የብራዚል ጁጂትሱ ተፋላሚ ሮይስ ግሬሲ ቀጠን ያለ ሰው ነበር። በአንድ ምሽት ሦስት ሰው አሸንፎ ወጣ። ቦክሰኛውም ሆነ በፍጻሜው የገጠመው የሳቫት (የፈረንሳይ የቡጢና የእርግጫ ስፖርት) ተፋላሚ አንዴ ከተያዙ በኋላ መውጫ አጡ።

የአይኪዶ ሰልጣኝ፦ ወንድሜ፣ እዚያ ማን ነው አንጓ ይዞ የቆመው? ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ያመጣኸው። በጥንቱ የጃፓን ጁጂትሱ አንጓ የሚያዘው ባለሰይፉ ሰይፉን እንዳይመዝ ነው። ያዡ ከለቀቀ ይሞታል። ስለዚህ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ ማስለቀቂያውም ለዚያ የተሠራ ነው። ዛሬም አንዲትን ሴት እጇን ይዞ የሚጎትታት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጁዶ የተማረ አይደለም። ክንዷን በአውራ ጣቱ በኩል አዙራ ብትመነጭቅ ትለቀቃለች፤ የጭብጥ ደካማው ቦታ እዚያ ነውና። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የጁዶ አሰልጣኝ፦ ለእሷ ትንሽ አይደለም፣ ልክ ነህ። የተጠየቀው ግን ስለ ሠለጠነ ሰው ነው።

ከሌላ ስፖርት የመጡ ልጆች ላይ ደጋግሜ የማየውን ልንገራችሁ። ኮሌታውን በቀኝ እጄ እይዛለሁ። እሱ እንደተማረው በሁለት እጁ እጄን አፍኖ መጠምዘዝ ይጀምራል። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም እጆቹ አንድ እጄ ላይ ናቸው። ግራ እጄን የሚጠብቀው የለም። ዓይኑ አንጓዬ ላይ ተተክሏል፣ እግሩም ቆሟል። ማስለቀቁንማ ያስለቅቃል! እኔ ራሴ ነኝ የምለቅለት። እሱ “ወጣሁ” ሲል ግራ እጄ እጅጌው ላይ ነው፣ እግሬ ደግሞ ከእግሩ ኋላ ገብቷል። ለሠለጠነ ሰው መያዝ መነሻ ብቻ ነው። አንዱ ቢለቀቅ ወዲያው ሌላ ይይዛል።

የአይኪዶ ሰልጣኝ፦ ታዲያ ጥፋቱ የቴክኒኩ ነው የልምምዱ?

የጁዶ አሰልጣኝ፦ በአብዛኛው የልምምዱ። እኛም ቀኑን ሙሉ እጅ ስናስለቅቅ ነው የምንውለው፤ ያው በአውራ ጣት በኩል ነው። ግን ዳሌ አብሮ ይዞራል፣ እግር አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ያስለቀቀው እጅም ሳይውል ሳያድር የራሱን ይይዛል። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ትምህርት ቤቱን ኮዶካንን በ1882 እ.ኤ.አ. ሲመሠርት ከጥንቱ ጁጂትሱ ነው የተነሣው። ትልቁ ሥራው ራንዶሪን፣ ማለትም እሺ ከማይል ሰው ጋር በነፃ መለማመድን፣ የትምህርቱ እምብርት ማድረጉ ነው። የካኖም የአይኪዶ መሥራቹ የኡኤሺባም ተማሪ የነበረው ኬንጂ ቶሚኪ ደግሞ ያንን ወደ አይኪዶ አስገብቶታል። ስለዚህ መልሱ እናንተም ቤት አለ።

አንድ ነገር ግን አልሸፍንም። ቆሞ ሳለ አንጓውን ጠምዝዞ መጣል፣ ኮቴ ጋኤሺ የሚሉት፣ ክርኑን ወደ ጎኑ ሰብስቦ በሚይዝ ሰው ላይ በጣም ከባድ ነው። ክንዱ ካልተዘረጋ የሚጠመዘዝ ነገር አይገኝም።

የጁጂትሱ ተማሪ፦ ኮች፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። የአንጓ ቁልፍ፣ ማለትም አንጓን አጥፎ ማስጨነቅ፣ እኛም ጋ አለ፤ በውድድር ከሰማያዊ ቀበቶ ጀምሮ ይፈቀዳል። ግን የሚሠራው መጀመሪያ ክርኑ መሄጃ ሲያጣ ነው፣ ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ። ቢሆንም ጊዜው ያሳዝነኛል። ያለችው ትንሽ ሰዓት ቆሞ በሚጠብቅ እጅ ላይ ለምን ትባክን?

የጁዶ አሰልጣኝ፦ ትክክል። ለጠያቂው፣ ቴክኒኩን አትጣል፤ ጓደኛህን ግን እንዲህ በለው። “ስለቀቅ አትቁም። መልሰህ ያዘኝ፣ ግፋኝ፣ ከቻልክ ጣለኝ።” መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ፣ መውደቅ ስትለምድ በርትታችሁ። እጅህ በተለቀቀ ቁጥር እግርህ የት እንዳለ እይ። ሁለቱ እግሮችህ ጎን ለጎን ከሆኑ የሚቀጥለው መያዝ ይጥልሃል።

ጠያቂ፦ አስተማሪዬ “ካታው (አስቀድሞ የተወሰነው የጥንድ ልምምድ) ውስጥ ሌላኛው ሰው አይንቀሳቀስም” ቢለኝስ?

የጁዶ አሰልጣኝ፦ ካታውን እሱ እንዳለው ሥራ። ከዚያ ክፍሉ ሳይበተን አምስት ደቂቃ ለነፃ ልምምድ ጠይቀው። ጭራሽ አይሆንም ካለ፣ ለጥያቄህ መልስ የምታገኘው ሌላ ምንጣፍ ላይ ነው።