የ5ዲ ሲኒማው ምስል ደብዝዟል፤ በእርግጥ «ፊልሙ አርጅቶ» ነው?

የለገጣፎ አባት፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ ከለገጣፎ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የልጆች መዝናኛ ውስጥ ያለውን፣ ወንበሩ ከፊልሙ ጋር እኩል የሚናወጠውን 5ዲ ሲኒማ የሚመለከት ነው። ስፍራው በተከፈተ ሰሞን ልጆቼን ይዤ ገብቼ ነበር፤ በማዕድን ማውጫ ሐዲድ ላይ የሚምዘገዘገው ጋሪ ገደሉ አፋፍ ሲደርስ የድንጋዩ ስንጥቅ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታይ ስለነበር፣ ታናሿ ልጄ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ነበር የጨረሰችው። ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ ፊልም ደግመን ስናይ ግን ገደሉ የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት እንኳ ተቸገርን። ወንበሩ እንደ ድሮው ያንገላታናል፣ ነፋሱም የሚረጨውም ውኃ ሳይጓደል ይመጣል፤ ምስሉ ግን ሻይ የፈሰሰበት ነጠላ ይመስል ወደ ቢጫነት አድልቷል፣ ጨለማ መሆን የሚገባው ትዕይንት ሁሉ ግራጫ ሆኗል፣ በመጀመሪያው ላይ የሚወጡት ፊደላትም ጥላ አበጅተዋል። ልጄ በዚህ ጊዜ አልፈራችም፤ «አባዬ፣ ለምንድን ነው የሚያንገጫግጩን?» ብላ ጠየቀችኝ።

ትኬት የሚቆርጠውን ወጣት ሳነጋግረው «ፊልሙ ብዙ ጊዜ ስለታየ አርጅቷል፤ አዲስ ሲመጣ ይስተካከላል» አለኝ። በትሕትና ስለመለሰልኝ አልተከራከርኩትም። ነገር ግን በኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ፊልም በመታየት ብዛት እንዴት ሊያረጅ ይችላል? ሙያውን የምታውቁ ብታስረዱኝ፣ ለባለቤቶቹም ምን ብዬ ባመለክት እንደሚሻል ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

የድሮ ኦፕሬተር፦

በዕድሜ እንደምበልጥህ ገምቼ አንተ ብልህ ቅር እንደማይልህ ተስፋ አደርጋለሁ። ወጣቱ አልዋሸህም፤ የነገረህ ግን የእኔን ዘመን እውነት ነው። ፒያሳ ከነበሩት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ለብዙ ዓመታት የፊልም ማሽን ሳንቀሳቅስ ኖሬአለሁ። ያን ጊዜ ፊልም ማለት በእጅ የሚዳሰስ ጥቅል ነበር። ባለ 35 ሚሊ ሜትሩ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል እያሳለፈ፣ በመብራቱ ፊት ባለች ጠባብ በር ውስጥ ሲሮጥ ይውላል፤ በዚያች በር ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከተቀረቀረች የጥቅሉን ርዝመት በሙሉ የሚያቋርጥ ጭረት ታሰምርበታለች፣ ተመልካቹም «ዝናብ ጀመረ» ይላል። ሲበጠስ ቆርጠን እንቀጥለዋለን፤ በቀጠልነው ቁጥር ጥቂት ምስል ስለሚጎድል ወንበር ላይ የነበረው ተዋናይ ድንገት በር ላይ ቆሞ ይገኛል። መብራቱስ ቢሆን! ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ እየነደዱ የሚሰጡት ብርሃን ስለነበር፣ እያጠሩ ሲሄዱ በወቅቱ ካላቀራረብናቸው ሸራው ይጨልማል፣ አዳራሹም በፉጨት ይቀወጣል።

ከፊልም ጋር የተያያዙ ትልልቆቹ የውጭ አገር መዝናኛዎችም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። በፈረንጆቹ 1987 በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ የተከፈተው «ስታር ቱርስ» የሚባለው የጠፈር ጉዞ በ70 ሚሊ ሜትር ፊልም ይሠራ ነበር፤ ተዘግቶ በ2011 ሲመለስ ዲጂታልና ባለ ሦስት ገጽታ ሆኖ መጣ። እዚያው አጠገብ በ2001 የተከፈተው፣ ተመልካቹን ከመሬት አንሥቶ በግዙፍ ሸራ ፊት የሚያንሳፍፈው «ሶሪን» ደግሞ ባለ 70 ሚሊ ሜትሩን ፊልም በሰከንድ 48 ምስል ያስኬደው ነበር፤ ይህም ከተለመደው ሲኒማ እጥፍ ፍጥነት ነው። የእኛ ፊልም በቀን ሦስት አራት ጊዜ ታይቶ ያርፋል፤ ያ ግን አምስት ደቂቃ ገደማ የምትሆነውን ጥቅል ከጠዋት እስከ ማታ ሲያመላልስ ይውል ስለነበር፣ አቧራውና ጭረቱ ቶሎ ቢበዛበት የሚያስገርም አይደለም። በ2016 በዲጂታል ተተካ።

ፋይል ግን የሚበጠስም የሚጫርም አይደለም፤ ሺህ ጊዜ ቢታይ የመጀመሪያው ቀን ምስል ነው። ደግሞም የድሮ የቀለም ፊልሞች ሲያረጁ በብዛት ወደ ሮዝ ነበር የሚያደሉት፤ አንተ ያየኸው ቢጫ ከሆነ በሽታው ሌላ ነው። የዲጂታሉን ነገር ለሚያውቁት እተዋለሁ።

የሰበታው ጠጋኝ፦

ጋሼ ካቆሙበት ልቀጥል። ፕሮጀክተርና የድምፅ መሣሪያ መጠገን መተዳደሪያዬ ነው፤ እርስዎ የገለጹትን ዓይነት አዳራሽም በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ለጥገና ገብቼ አይቻለሁ። ቦታውን ሳላይ መፍረድ አልፈልግም፤ ሆኖም አስቀድሜ የምጠረጥረው አምፖሉን ነው። በእንዲህ ያሉ አዳራሾች የሚገኘው የሜርኩሪ አምፖል ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 4,000 ሰዓት ነው፤ አምራቾች «ዕድሜ» የሚሉትም አምፖሉ እስኪቃጠል ያለውን ጊዜ ሳይሆን ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ያለውን ነው። በቀን ለ10 ሰዓት የሚሠራ ማሽን በ300 ቀን 3,000 ሰዓት ይሞላል። አምፖሉ ግን አሁንም ስለሚበራ ማንም አይቀይረውም፤ በየዕለቱ የሚያየው ሠራተኛ ዓይኑ አብሮ እየለመደ ስለሚሄድ ለውጡን አያስተውልም፤ የሚያስተውለው እንደ እርስዎ ከወራት በኋላ የተመለሰ ደንበኛ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከፍታችን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ይህ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ላይ ሲሠራ በማሽኑ ውስጥ ያለው የከፍታ ቦታ ማስተካከያ መከፈት እንዳለበት በመመሪያቸው ይጽፋሉ፤ እኛ ደግሞ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የሳሳው አየር ሙቀቱን ጠርጎ የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ ማራገቢያውም ያንን ለማካካስ ፈጥኖ መሽከርከር ይገባዋል። ፈጥኖ ሲሽከረከር ይጮሃል፤ ሲጮህ ደግሞ አንድ ሰው ተነሥቶ ማስተካከያውን ያጠፋዋል። አንድ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚያ ላይ በሩ ወደ ኮረኮንች መንገድ የሚከፈት ስለነበር፣ የአየር ማጣሪያውን ስቤ ሳወጣው አቧራው እንደ ባና ወፍሮ በአንድ ላይ ተገሽልጦ መጣ፤ ከኋላው ያለው ወንፊት በብርሃን ፊት ሲያዝ አያስተላልፍም ነበር። በበጋ እንዲህ ባለ ቦታ ማጣሪያ በየሳምንቱ ካልተራገፈ ማሽኑ በገዛ ሙቀቱ ይበስላል። ኤልሲዲ በሚባለው ዓይነት ውስጥ ሙቀት ቀድሞ የሚጎዳው የሰማያዊውን ብርሃን መንገድ ነው፤ ሰማያዊ ሲጎድል የሚቀረው ቢጫ ነው። እርስዎ ያዩት ቢጫነት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ጨለማው ግራጫ የሆነበት ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ጭሱ ነው። ለማስደነቂያ የሚለቀቀው ጭስ የሚሠራበት ፈሳሽ ግላይኮል ያለበት በመሆኑ ሌንሱ ላይ ተጣባቂ ሽፋን ይተዋል፣ አቧራውም እዚያው ላይ ያርፋል፤ ብርሃኑም በዚያ ሲያልፍ ስለሚበታተን ጥቁሩን ሁሉ ያነጣዋል። በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅና በተገቢው ፈሳሽ በጥንቃቄ ማጽዳት ይበቃል፤ በካናቴራ ጫፍ ግን አይደለም።

መብራት በድንገት ሲጠፋ የጋለው አምፖል ማራገቢያው ሳያቀዘቅዘው ይቀራል፤ ይህም ዕድሜውን ይቆርጣል። ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ ማራገቢያውን የሚያቆይ አነስተኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ቢያስገቡ ይጠቅማቸዋል።

የሁለት ልጆች እናት፦

ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ስለ መነጽሩ ማንም ሳያነሣ ማለፉ ገርሞኛል። እኔ በሄድኩበት ቦታ መነጽሮቹ በፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ እርስ በርስ እየተፋተጉ ይቀመጣሉ፤ አስተናጋጇም ከአንዱ ልጅ ተቀብላ በሽርጧ ጠረግ አድርጋ ለሌላው ትሰጣለች። አንዱን ወደ መስኮት ይዤ ሳየው መስተዋቱ በቀጭን ጭረት ተሞልቶ የሸረሪት ድር መስሏል። የፊደላቱ ጥላስ ከዚህ ሊመጣ አይችልም? እግረ መንገዴን ደግሞ ስለ ንጽሕናው ባለቤቶቹ ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ የልጆች ዓይን ነው።

የሰበታው ጠጋኝ፦

እህቴ፣ ጥሩ አነሡ። ጭረቱ ምስሉን ያደበዝዛል፤ ፊደልን ሁለት ማድረጉ ላይ ግን እጠራጠራለሁ። እንዲህ ባሉ አዳራሾች ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት ፕሮጀክተሮች አሉ፤ አንዱ ለግራ ዓይን፣ ሌላው ለቀኝ። መነጽሩ የአንዱን ብርሃን ለአንዱ ዓይን ብቻ እንዲያሳልፍ የተሠራ ስለሆነ ከብርሃኑ ከግማሽ በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለዚህም ነው የአምፖል መድከም በባለ ሦስት ገጽታ ፊልም ላይ ጎልቶ የሚታየው። ዲጂታል ሲኒማ ቤቶች ለተራው ፊልም የሸራው ድምቀት በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ (የብርሃን መለኪያ ነው) እንዲደርስ የሚጠይቅ ደንብ አላቸው፤ የልጆች 5ዲ አዳራሽን በዚያ የሚለካው የለም።

ስለዚህ ጠያቂው ሁለት ነገር ይሞክሩ። መነጽሩን እንዳደረጉ አንዱን ዓይን ይጨፍኑ፤ ፊደሉ አሁንም ሁለት ሆኖ ከታየ የአንዱ ብርሃን ወደ ሌላው እየሾለከ ነው። በአንድ ዓይን ሲያዩት አንድ፣ በሁለት ዓይን ሲያዩት ግን የተዛነፈ ከሆነ ከመድረኩ መናወጥ የተነሣ ፕሮጀክተሮቹ ከቦታቸው ተንሸራተዋል። ከዚያ ዓይን እያፈራረቁ ቀለሙን ያነጻጽሩ። ሌላም አለ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ መነጽር የሚያስፈልገው ሸራ የብር ቀለም ያለው ነው፤ ተራ ነጭ ገጽ ብርሃኑን ስለሚያደባልቀው የግራው ለቀኝ ይታያል። ሸራውን በጣትዎ አይንኩት፣ በዓይን ብቻ ይመልከቱት።

የለገጣፎ አባት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼ፣ ስለ ካርቦን ዘንጎቹ የጻፉትን ለልጆቼ አንብቤላቸው «ሲኒማ በከሰል!» ብለው ሳቁ።

ትናንት ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሄጄ የተባልኩትን ሞከርኩ። በቀኝ ዓይኔ ብቻ ሳይ ምስሉ ደብዛዛ ቢሆንም ነጩ ነጭ ነው፤ በግራ ዓይኔ ሳይ ግን ያ ቢጫ ብቻውን ይመጣል። ፊልሙ አንድ ሆኖ ሳለ የሁለቱ ዓይኖች ቀለም መለያየቱን ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም፤ ራሱ ተቀምጦ ዓይኑን እያፈራረቀ ካየ በኋላ ግን መሰላል አስመጥቶ ኦፕሬተሩን ወደ ላይ ሰደደው። የግራው ፕሮጀክተር ከጣሪያው ቀዳዳ አጠገብ በመሆኑ ማጣሪያው ልክ እንደተጻፈው ባና ለብሶ ወጣ፤ የቀኙ ከዚያ የተሻለ ነበር። የሁለቱም አምፖል ከ3,000 ሰዓት አልፏል። የከፍታ ቦታ ማስተካከያውም ጠፍቶ ነበር፤ ሲበራ ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ስለጮኸ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ «የጋሪውን ድምፅ ከፍ እናደርጋለን» አለኝ። ሌንሱ ተጠርጎ፣ ማጣሪያው ተራግፎ ፊልሙ ሲደገም ገደሉ ተመለሰ፤ የግራው ቢጫነት ግን ጥቂት እንኳ አልቀነሰም፤ አምፖሉ ሲቀየር የሚሆነውን እናያለን።

የፊደሉ ጥላ በአንድ ዓይንም ሁለት ሆኖ ይታያል። ምክንያቱን ኦፕሬተሩ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ፤ ለገና አዳራሹ ሲቀባ ሸራውም ቆሽሿል ተብሎ በዚያው የግድግዳ ቀለም ተቀብቷል። ሥራ አስኪያጁ አምፖሎቹን ለማዘዝ ቃል ገብቶልኛል፤ የብር ሸራውን ግን ከየት እንደሚያገኘው አላወቀም። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለውን ሸራ በሜትር የሚሸጥ ሰው የሚያውቅ ካለ እዚሁ ቢጽፍልኝ ወስጄ አደርስለታለሁ።