እናቴን የስኳር ክኒኗ አንቀጠቀጣት፤ ሜትፎርሚኑን ላስቁማት?

የመሐል ሜዳው (ጠያቂ)፦ የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ባለፈው ቀጠሮዋ ክኒን ተጨምሮላት ነበር። አሁን ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች እጆቿ ይንቀጠቀጡ ጀመር፣ ላብ አጠመቃት፣ የጠየቅኋትንም ትታ ሌላ ነገር ትመልስልኛለች። ጎረቤታችን ሜትፎርሚን ኩላሊት ይጨርሳል ስላሉኝ ላስቆማት አስቤአለሁ። የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው የትኛው ክኒን ነው?

ጡረተኛው መምህር፣ ደነባ፦ ልጄ፣ ጉዳት የሌለው መድኃኒት ፈልገህ አታገኝም። ሜትፎርሚን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን እ.ኤ.አ. በ1957 በስኳር ሕመምተኞች ላይ ያገኘውን ውጤት ካሳተመ ወዲህ ሲፈተን የኖረ፣ አሜሪካም ዘግይታ በ1994 የፈቀደችው መድኃኒት ነው። የእኛ ሰው ችግር ክኒኑ ሳይሆን እንቅስቃሴ ማቆሙና በየለቅሶው ቤት የቀረበለትን ሁሉ መብላቱ ስለሆነ፣ እናትህ በየቀኑ በእግሯ እንድትሄድ አድርጋት።

ሸዋ ሮቢት ነኝ፦ ወንድሜ፣ እኔም ሜትፎርሚን ስጀምር ሆዴን እያገላበጠ አስቀምጦኝ ነበር፤ አፌም ብረት ብረት ይለኝ ነበር። ከምግብ ጋር መውሰድ ስጀምር ተወኝ። ከምግብ ጋር ይስጧቸው።

የጣርማበሩ ሹፌር፦ በነሐሴ መሐል ሜዳ ላይ መንቀጥቀጥ የነዋሪነት መታወቂያ እንጂ ሕመም አይደለም! ነገር ግን በዚያ ብርድ ላብ ያጠመቀው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። አንድ ተሳፋሪዬ እንዲሁ አልቦት ሲቀባጥር ሰክሯል ብለን ስንስቅ፣ አብራው የነበረችው ልጁ ስኳሩ ወርዶ መሆኑን ነገረችን፤ ጣፋጭ ሻይ ጠጥቶ ነው የተመለሰው። ክርክሩን ትታችሁ ስኳር ስጧቸው።

ፋርማሲስት፣ ደብረ ብርሃን፦ ሹፌሩ እየቀለዱም ቢሆን ትክክለኛውን ነገር ተናግረዋል። እናትዎ መዋጥ የሚችሉ ከሆነ አሁኑኑ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጧቸው፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻላቸው ይድገሙት። ራሳቸውን ከሳቱ ወይም መዋጥ ካቃታቸው ግን ትን እንዳይላቸው ምንም ነገር በአፋቸው ሳይጨምሩ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሷቸው፤ እዚያ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣቸዋል። መለኪያ ካለ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ማሳየቱ ስኳሩ መውረዱን ያረጋግጣል፤ መለኪያ ከሌለ ግን ፍለጋ አይሂዱ። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን እስከዚህ ማውረዱ እምብዛም ስላልተለመደ፣ ሌላ ክኒን አለ ወይ? ዕድሜያቸውስ? ዛሬ ምን በሉ?

የመሐል ሜዳው፦ ስኳሩን ጠጥታ ላቡ ቀነሰ፤ ስሜንም ጠራችኝ። የተጨመረላት ግሊቤንክላማይድ የሚባል 5 ሚሊ ግራም ነው። ዕድሜዋ 67 ነው። ፍልሰታን እየጾመች ስለሆነ ክኒኖቹን በማለዳ ውጣ ነው ቅዳሴ የሄደችው፤ እህል አልቀመሰችም።

ሸዋ ሮቢት ነኝ፦ ከምግብ ጋር ብዬ ነበር እኮ።

ፋርማሲስት፣ ደብረ ብርሃን፦ እርስዎ ሊያስቆሙ ያሰቡት ያልበደለውን ክኒን ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ በመሆኑ፣ ሰውየው በላም አልበላም ስኳርን ማውረዱን አይተውም፤ በሰውነት ውስጥም ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ፣ በተለይ በአረጋውያንና ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ፣ አንዴ የተሻለው ሰው ከሰዓታት በኋላ መልሶ ሊወድቅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ ገልጾ በምትኩ ግሊክላዛይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ያስቀምጣል። ስለዚህ አሁን ዳቦ ወይም ገንፎ ያብሏቸው፤ የተሻላቸው ቢመስልም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሯቸው፤ ሐኪም ሳያያቸው ቀጣዩን ግሊቤንክላማይድ አይስጧቸው፤ ሌሊትም ብቻቸውን አይደሩ።

ጎረቤትዎ ስለ ኩላሊት ያሉት ነገር የተገለበጠ ነው። ሜትፎርሚን ጤነኛ ኩላሊትን አያበላሽም፤ የተበላሸ ኩላሊት ግን ሜትፎርሚንን ማስወጣት ስለሚያቅተው፣ የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ መድኃኒቱ ይከለከላል። በዓመታት ውስጥ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ስለሚችል እግራቸውን የሚደነዝዛቸው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጡረተኛው መምህር፣ ደነባ፦ ጾሙን ጥፋተኛ ማድረግ ግን አልወደድኩትም። ጾም ራሱ ስኳርን ያወርዳል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

የአንኮበሩ ዲያቆን፦ መምህር፣ ሴትዮዋን የጣላቸው እኮ ስኳሩ መውረዱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን እንዲጾም አታስገድድም። የንስሐ አባታቸውን ያናግሩ፤ ልጅ ከሚነግራቸው ይልቅ ከአባታቸው አፍ ቢሰሙት ይቀበሉታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ካሉም፣ ክኒኑ በየትኛው ሰዓትና በምን መጠን እንደሚወሰድ ከጾሙ በፊት ሐኪሙ ይወስን።

እንግዳ፦ ክኒኑን ትታችሁ አብሽ በጥብጣችሁ ስጧቸው፤ ስኳርን ድራሹን ያጠፋዋል።

የጣርማበሩ ሹፌር፦ ወንድሜ፣ አሁን የጠፋው እኮ ስኳሩ ነው፤ እየፈለጉት ያሉት እንዲመለስ ነው! የመሐል ሜዳው፣ መኪና አገኛችሁ? ጤና ጣቢያ ሲለኩላቸው ስንት እንዳለ ጻፍልን።

ፋርማሲስት፣ ደብረ ብርሃን፦ ስትሄዱ የሁለቱንም ክኒን ማሸጊያ ይያዙ፤ የዋጡበትንም ሰዓት ለሐኪሙ ይንገሩ።