ለገና ልጆችን ቀይና አረንጓዴ ማልበስ ግዴታ ነው እንዴ?

የሆጤ እናት፦ ሰላም የደሴ ልጆች። ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ለገና ፕሮግራም ተማሪው ሁሉ ቀይና አረንጓዴ ለብሶ ይምጣ ብሎ ወረቀት ልኳል። ልጅቷ አያቷ ያሰሩላት ነጭ ቀሚስ አላት ጥበቡ ወርቃማ የሆነ። ዶሮና ቅቤ እሳት በሆነበት ሰሞን ለአንድ ቀን ብዬ ቀይ ሹራብ ፍለጋ ፒያሳን ልዙር? የኛ ገና ነጭ አይደል?

የሸዋ በር ልጅ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ቀዩ የኮካ ኮላ ማስታወቂያ ነው ከሃይማኖት ጋ ምንም አያገናኘውም

ከጦሳ ሥር፦ ወንድሜ እሱ እንኳን አይደለም። ኮካ ኮላ ሳንታውን (የገና አባትን) በሰፊው ማስተዋወቅ የጀመረው በፈረንጆች 1931 ነው፣ ቀይ የለበሰ ሳንታ ግን ከዛ በፊትም ይሳል ነበር። ቀይና አረንጓዴው ደሞ ከሳንታም ይቀድማል፣ ጀርመን ውስጥ ዲሴምበር 24 የአዳምና የሔዋን ቀን ነበርና በድራማ የገነትን ዛፍ ሲያሳዩ በብርዱ ቅጠሉ የማይረግፍ ጥድ ላይ ቀይ ፖም ይሰቅሉበት ነበር። እኛስ በልደት ለአዳም የተገባውን ቃል፣ 5500 ዘመኑን አይደል የምንሰማው? ስለዚህ ቀለሙን አትናቁት። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ካቶሊኮቹ ራሳቸው ከልደት በፊት ባሉት ሳምንታት ካህኑ ሐምራዊ ይለብስና የልደት ቀን ነጭ ወይም ወርቃማ ነው የሚያደርገው። ያንቺ ልጅ ቀሚስ እዛም ቢሄድ ልክ ነው ማለት ነው!

ኮምቦልቻ ሱቅ፦ እኔ የበዓል ጌጥ እሸጣለሁ፣ ቀይና አረንጓዴው ቶሎ ነው የሚያልቀው ሰው ወዶት ነው የሚገዛው፣ ልጆችም ደስ ይላቸዋል። ለምን ትከለክላላችሁ?

የሆጤ እናት፦ ማን ከለከለ ወንድሜ፣ ሽጥ። የወደደ ቤቱን በፈለገው ያስጊጥ፣ እኔ የምለው የሌለው ወላጅ ለምን ይጨነቅ ነው። ላሊበላ እኮ እዚሁ ወሎ ነው፣ ቤዛ ኩሉ ሲባል ያን ሁሉ ነጭ የለበሰ ሕዝብ አይተን ለልጆቻችን ነጭ አይበቃም ልንላቸው ነው?

የሮቢቷ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ ግን ገና ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ አረንጓዴው ቄጠማ ነው፣ ጎረቤታችን እትዬ ቤቱን ጎዝጉዘው ለኛ በሙስሊም የታረደውን ለይተው ሲጠሩን። አረንጓዴ ከተፈለገ ትምህርት ቤቱ ቄጠማ ይጎዝጉዝ፣ ወላጅን ምንም አያስወጣም

ከጦሳ ሥር፦ ይቺ ጥሩ ሀሳብ ነች። የኔም ልጅ እዛ ነው የሚማረው፣ ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ጋ አብረን እንግባ

የሆጤ እናት፦ እሺ፣ ሁለት ሰዓት በር ላይ እጠብቃለሁ። ሌላም ወላጅ ካለ ይምጣ፣ ልጄ ግን ነጩን ነው የምትለብሰው።