ዱቄቱ መስመሩን ትቶ ሌላ ቦታ ይከመራል፣ የልጄን ፕሮጀክት እርዱኝ

የስምንተኛዋ እናት፦
ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፣ የጄኔራል ሳይንስና የክወናና እይታ ጥበባት አስተማሪዎቹ ተነጋግረው ነው መሰለኝ ሳይንስም ስዕልም ሙዚቃም ያለበት አንድ ፕሮጀክት ስሩ ተብለዋል፣ ሦስት ሳምንት ተሰጥቷቸው አንዱ አልቋል። ጓደኞቿ ያው እንደተለመደው በኮምጣጤና በሶዳ ቮልካኖ ሰርተው ከጀርባው ዘፈን ሊከፍቱበት ነው። የኔዋ ግን ዩቲዩብ ላይ ብረት ላይ የተበተነ አሸዋ ድምፅ ሲለቀቅበት በራሱ ጊዜ የብራና መጽሐፍ ሐረግ የመሰለ ስዕል ሲሰራ አየች፣ ከዛ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። የክላድኒ ስዕል ይሉታል። ሐሳቧ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን በየተራ እየለቀቀች የእያንዳንዱ ቅኝት የሚሰራውን ስዕል አይታ በቀለም አሳድጋ መሳል ነው። ርዕሱን "የትዝታ መልክ" ብላዋለች፣ እኔ ስሰማው እንባዬ ሁሉ መጥቶ ነበር።

ከተበላሸ ቴፕ ስፒከር አወጣን፣ ወንድሜ ጋራዥ ስለሚሰራ 25 በ25 ሴንቲ ላሜራ ቆርጦ መሃሉን በስቶ ስፒከሩ ላይ በተለጠፈች ብሎን አሰረልን፣ እሷ ጥቁር ቀባችው። መጀመሪያ ጨው በተንን፣ እርጥበት ይዞ ነው መሰለኝ ተጣብቆ ቀረ። ከዛ ነጭ የጤፍ ዱቄት በተንን (እናቴ "እህል ላይ ጭፈራ!" ብላ እስካሁን አኩርፋናለች)። ዱቄቱ ይንቀሳቀሳል ግን ቪዲዮው ላይ አሸዋው መስመር የሚሰራበት ቦታ የኛ ባዶ ነው፣ ባዶ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ትናንሽ ክምር ክምር ይላል። ግልብጥ! የክራር ትዝታ ስንለቅ ደግሞ ጭራሽ ምንም፣ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። በዛ ላይ ያስገባችው ወረቀት ላይ መምህሯ በቀይ "ሳይንሱ የት አለ?" ብሎ መለሰላት። ላሜራው ነው? ስፒከሩ ነው? ወይስ እኛ ነን?

ቾክ በእጄ፦
እህቴ ላሜራሽም ስፒከርሽም ደህና ነው፣ እንደውም ሳታስቡት ጥሩ ነገር ላይ ወድቃችኋል። 20 ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር በዱቄት ሰርቶ የመጣ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ላሜራው ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ቦታ እኩል አይንቀጠቀጥም። አንዳንዱ ቦታ እንደጉድ ይዘላል፣ አንዳንዱ ፀጥ ያለ ነው። አሸዋና ጨው ከሚዘለው ቦታ እየተባረረ ፀጥ ያለው ላይ ሄዶ ያርፋል፣ መስመሩ እሱ ነው። ጀርመናዊው ክላድኒ 1787 ላይ ያሳተመው ይሄንን ነው፣ የሱ ጊዜ ስፒከር የለም፣ የሳህኑን ጠርዝ በቫዮሊን ደጋን ነበር የሚፈገፍገው ልክ ማሲንቆ እንደሚመታው። ዱቄት ግን በጣም ቀላልና ደቃቅ ስለሆነ ላሜራው ላይ የሚነሳው አየር ይዞት ይሄዳል። ላሜራው ሲዘል ላዩ ላይ ያለውን አየር ያሽከረክራል፣ አየሩ ዱቄቱን ጠርጎ በጣም የሚዘለው ቦታ ላይ ይከምረዋል። ይሄንን ፋራዴይ ነው 1831 ላይ ያሳየው፣ ያው የኤሌክትሪኩ ፋራዴይ። ስለዚህ ልጅሽ ጨውና ዱቄት ጎን ለጎን ብትሰራ አንዱ የፀጥታውን ካርታ ሌላው የዝላዩን ካርታ ይስልላታል። ሳይንሱ የት አለ ላላት መምህር ይሄንን ታሳየው። ጨዉን መጥበሻ ላይ ትንሽ አምሱት፣ ይደርቃል።

አሁን የማትወዱትን ልንገራችሁ። ዘፈን ለቃችሁ ምንም ያላያችሁት ዘፈን ውስጥ ብዙ ፍሪኩዌንሲ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ) ተደባልቆ በየሰከንዱ ስለሚቀያየር ነው። ስልክ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ አፕ አውርዱና ከ100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ መንቀጥቀጥ ማለት ነው) ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ውጡ፣ የሆነ ቦታ ላይ ላሜራው ድንገት ያብዳል፣ ስዕሉ እዛ ላይ ይወጣል። ትንሽ ስታልፉት ይጠፋል። ያ ቁጥር የላሜራው የራሱ ነው፣ በስፋቱ፣ በውፍረቱና በታሰረበት ቦታ የሚወሰን። ስለዚህ "የትዝታ መልክ" የሚባል ነገር አይወጣም፣ የሚወጣው የላሜራው መልክ ነው። ክብ ሳህን ብታስሩ በዚያው ድምፅ ሌላ ስዕል ይመጣል። ለልጅቷ ቀስ ብለሽ ንገሪያት። ድምፁንም አታብዙት ስፒከሩ ይቃጠላል።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ኧረ እናውራ ከተባለ እነዚህ ፕሮጀክቶች የማን ናቸው? የልጁ ወይስ የወላጁ ወይስ ጋራዥ ያለው አጎት? እኔ ሰፈር ጽሕፈት መሳሪያ ቤቱ ልብና ኩላሊቱን በፎም ሰርቶ ደርድሮ ይሸጣል፣ ልጁ ስሙን ፅፎ ይወስዳል ከ10 አስር ያገኛል።

የስምንተኛዋ እናት፦
@ዝም ብዬ አንባቢ አጎትየው አንድ ላሜራ ነው የቆረጠው ወንድሜ፣ የ13 ዓመት ልጅ ግራይንደር ትያዝ?

@ቾክ በእጄ እግዜር ይስጥልኝ። ነገርኳት፣ አንድ ሰዓት አኩርፋ ተኛች። ከዛ ተነስታ "ታዲያ ቅኝት በምን ይሳላል?" አለችኝ። እኔ ምን አውቄ፣ እናንተን ልጠይቅ።

ባለ ስድስት ክር፦
እናቴ የልጅሽ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ክራር እሰራለሁም እጫወታለሁም። ቅኝት የአንድ ድምፅ ነገር አይደለም፣ በድምፆቹ መሃል ያለው ርቀት ነው። ርቀት ደግሞ ይሳላል።

በክራር ግን እንዳትጀምሩ፣ ይከብዳችኋል። የክራር ክሮች ቁመታቸው ብዙም አይለያይም፣ አንዱን ቀጭን አንዱን ወፈር እያደረግን ቀንበሩ ላይ እያጠበቅን ወይ እያላላን ነው የምንቃኘው። ደግሞ በማጥበቅ ብቻ የድምፁን ፍሪኩዌንሲ እጥፍ ላድርግ ካልሽ ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት፣ እዛ ሳትደርሺ ክሩ ፊትሽ ላይ ይበጠሳል (ግንባሬ ላይ ምልክቱ አለ)። ማሲንቆ ይሻላል፣ አንድ ጭራ ነው፣ ጣት ሲያሳጥረው ድምፁ ይቀጥናል። ማሲንቆ ከሌለ አንድ ሳንቃ ላይ የአሳ ማስገሪያ ናይለን ወጥሩ፣ ከስሩ የምትንሸራተት እንጨት አድርጉ፣ ክፍቱን ክር 60 ሴንቲ አድርጉት። ዶ 60 ከሆነ ሬ 53 ከምናምን ነው፣ ሚ 48፣ ሶል 40፣ ላ 36፣ የላይኛው ዶ 30 ልክ ግማሹ። ይሄው ትዝታ ሜጀር። ባቲ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ካልነው 60፣ 48፣ 45፣ 40፣ 32። አያችሁ ባቲ ላይ 48ና 45 ተጠጋግተው፣ ትዝታ ላይ ደግሞ 48ና 40 መሃል ክፍተት። ጆሮ ላይ "ይሄ ትዝታ ነው" የሚያሰኘን አንዱ እሱ ክፍተት ነው። አምባሰል ደግሞ ከ60 ቀጥሎ ወዲያው 56 ከሩብ ላይ ነው፣ ከዛ እስከ 45 ባዶ። አንቺሆዬን እኔም በቁጥር አልደፍርም፣ በጆሮ ነው።

እና መምህሯ ባይሰማ ይሻላል እንጂ እኔ ስቃኝ ሜትር አላወጣም፣ የድሮ ተጫዋቾች ጋ ብትሄጂም ከነዚህ ቁጥሮች ትንሽ ወጣ ገባ ይላሉ፣ ለዛው እዛ ላይ ነው። ባቲ ማይነርም አለ የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም፣ አዎ አለ፣ ልጅቷን አናምታታት ብዬ ነው።

የሸማኔ ልጅ፦
ቁጥሮቹን ሳይ ጥለት ታየኝ። አባቴ ሽሮሜዳ ነው የሚሸምነው። እህቴ ልጅሽ ስዕል ከምትስል 60 ሴንቲ ወረቀት ላይ በነዚህ ሴንቲሜትሮች ላይ መስመር ታስምር፣ መስመር በመስመር መሃል ያለውን ቦታ እንደ ጥለት በቀለም ትሙላ፣ አራት ቅኝት አራት ጥለት። ትዝታው ላይ ያ ሰፊ ቦታ ይታያል፣ አምባሰሉ ላይ ጫፉ ላይ ጠባብ ከዛ ሰፊ ሜዳ። ለአባቴ ትዝታውን በስልክ አሳየሁት፣ "ይሄ ጥለት ሚዛን የለውም፣ ግን ያምራል" አለኝ። ከሱ አፍ ያምራል ስሰማ በዓመት አንዴ ነው።

ካምፓስ ያለሁ፦
እትዬ አንድ ነገር ልጨምርልዎት፣ ልጅዎ ድምፅ ከነስዕሉ ማየት ከፈለገች ራሷ ትዝፈን። 1885 አካባቢ ማርጋሬት ዋትስ ሂዩዝ የምትባል የዌልስ ዘፋኝ የድምፅዋን ጉልበት ለመለካት ብላ አይዶፎን የሚባል ዕቃ ሰራች፣ ቱቦ ውስጥ ትዘፍናለች፣ ቱቦው ጫፍ ላይ የተወጠረ ስስ ላስቲክ አለ፣ ላስቲኩ ላይ ዱቄት። አንድ ቀን ዱቄቱ ቅርፅ ሲይዝ አየች፣ ከዛ በእርጥብ ቀለም እያደረገች አበባ የመሰሉ ስዕሎች መስታወት ላይ ማንሳት ጀመረች። ቤት ውስጥ በጎድጓዳ ሳህንና በተወጠረ ፊኛ ይሆናል፣ ጎኑን በስተው የውሃ ጎማ ያስገቡና በጎማው ትዝፈን። ላስቲኩ ሲጠብቅና ሲላላ ስዕሉ ስለሚቀየር የቾክን ትምህርትም በዓይኗ ታየዋለች። ጨው ይጠቀሙ፣ እማማም አይቆጡም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የኔ እህት እዚህ አሜሪካ ልጄ ሳይንስ ፌር ላይ ሲቀርብ ዳኛዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ምኑን ነው የቀየርከው፣ ምኑን ነው ሳትነካ የተውከው?" ቦርዱ ውብ ነበር፣ ልጄ ግን ሦስት ነገር አንድ ላይ ቀይሮ ስለነበር ዝም አለ፣ መኪና ውስጥ እስክንገባ አለቀሰ። ያንቺዋ ላሜራውን ሳትነካ ጨዉን በዱቄት ብቻ ብትቀይር መልሷ እጇ ላይ ነው። አራቱም ቅኝት፣ ዱቄቱም፣ መዝፈኑም አንድ ላይ ከሚሆን አንዱን ትምረጥ፣ ሁለት ሳምንት ምን አላት።

የስምንተኛዋ እናት፦
ቤቶች ተመልሼ መጣሁ፣ ዘጠኝ ቀን ጠፋሁ ይቅርታ። ሁላችሁንም አነበብኩላት፣ አንዱን ምረጪ ስላት ሁለት መረጠች፣ በቃ እንደሷ ነው።

ጨዉን አመስነው ሰራ! ሦስት ቦታ ላይ ጥርት ያለ ስዕል ወጣ፣ 250 ኸርዝ አካባቢ ያለው መሃሉ ላይ ክብ የመሰለ ነገር አለው፣ ወደላይ ስንሄድ እየተወሳሰበ መጣ። ጨዉ ከመሃል ሮጦ ሲሰለፍ እናቴ ራሷ መነፅሯን አድርጋ መጣች፣ "ማን ነው የሚጎትተው?" እያለች ከላሜራው ስር ስታይ ነበር። ልጄ የጨዉን በነጭ የዱቄቱን በቀይ አድርጋ አንድ ወረቀት ላይ ደርባ ሳለቻቸው፣ ቀዩ ነጩ የተወውን ቦታ ሲሞላው ሳይ እውነትም የብራና ሐረግ ነው የመሰለኝ። ሁለተኛው ጥለቱ ነው፣ ትዝታና ባቲ ብቻ፣ ከጎኑ ሳንቃው ከነናይለኑ፣ የፈለገ ሰው ጥለቱ ላይ ያለውን መስመር አይቶ እንጨቷን እዛ አድርጎ ይመታዋል። የናይለኑ ድምፅ ያው ጎረቤት "ምንድነው የሚያለቅሰው" ይላል እንጂ ትዝታነቱ ይታወቃል።

ርዕሱን ራሷ ቀየረችው፣ "የላሜራ መልክ፣ የትዝታ ጥለት"። እኔ የድሮውን ነበር የምወደው፣ እሷ ግን "ውሸት ነው እኮ እማ" አለችኝ። መምህሯ አይቶ ዱቄቱ ላይ ብዙ ቆመ፣ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት አየሩን በእጇ እያሽከረከረች አስረዳችው አሉ። ውጤት ገና አልተነገረም።

አሁን የመጣሁት ለሌላ ነው። ዓርብ ለወላጆች ይቀርባል፣ ልጅቷ ትናንት ማታ "ትንሽ ልጨምረው" ብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው፣ ስፒከሩ ጭስ ጭስ አለና አረፈ። @ቾክ በእጄ ብለኸን ነበር አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የማይፈልገው የቴፕ ስፒከር ያለው ሰው ካለ መጥቼ እወስዳለሁ፣ ችግር የለውም፣ ዋጋም እከፍላለሁ።

ቾክ በእጄ፦
ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ አቧራ የጠጣ አለኝ። በውስጥ መስመር ፃፊልኝ፣ ድምፁን ግማሽ ላይ አድርጋ ቁልፉን በፕላስተር ትለጥፈው።